የሰኔው ባክአፕ ለምን አበጠ? በቸርችል ጎዳና በአንድ የሒሳብ ቢሮ የተደረገ ምርመራ

ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በቸርችል ጎዳና ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚሠራ የሒሳብና የኦዲት ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚከታተለው ወጣት ባለሙያ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ማታ የሚወሰደው ሙሉ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ቦታ አጥቶ መቋረጡን፣ ባለ 2 ቴራባይቱ ኤክስተርናል ዲስክም ሳይታሰብ መሙላቱን ነገረኝ። ዲስኩ ሲገዛ የአራት ወር ቅጂ እንዲይዝ ተሰልቶ ነበር፤ የሞላው ግን በሦስት ወር ነው። «ጋሼ፣ በጣም ትልልቆቹን አራት ፋይሎች ላጥፋና ልቀጥል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ እስክመጣ አንድም ፋይል እንዳያጠፋ አስጠንቅቄው ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ የባክአፕ መጠን ከተጠበቀው ሲለይ አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ቦታ ብቻ መሆኑን ደጋግሜ ስላየሁ ነው። በዚህ ቢሮ ሁላችንንም ያስደነገጠው ያበጠው ፋይል ሲሆን፣ አደጋው ግን ማንም ልብ ባላለው አንድ ትንሽ ቁጥር ውስጥ ተደብቆ ቆይቷል።

የቢሮው ሁኔታ

ቢሮው እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ፒያሳ ነበር። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲዛወር ለዓመታት የተከማቸው የደንበኞች ደረሰኝና ቫውቸር በካርቶን ታሽጎ አብሮ መጣ፤ አዲሱ ቦታ ጠበብ ያለ በመሆኑም ወረቀቱ ሁሉ ስካን ተደርጎ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ይህ ሥራ እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ቀጥሎ 236 ጊጋባይት የሚሆን የፒዲኤፍ ክምችት ፈጠረ።

ዘጠኝ የሒሳብ ሠራተኞች የሚጋሩት ማዕከላዊ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ተራ ማሽን ነው። በውስጡ ባለ 1 ቴራባይት ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ አለው፤ ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ሲስተሙ በሲ፣ የቢሮው ፋይል በዲ ድራይቭ ላይ ተቀምጧል። የባክአፕ ፕሮግራሙ የሚሠራው በዲስክ ምስል ነው። ይህም ማለት ፋይሎችን በስማቸው እየለየ ከመቅዳት ይልቅ፣ በዲስኩ ላይ በሥራ ላይ ያሉትን ብሎኮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ትናንሽ ክፍሎች) እንዳሉ ያነሣል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ምስል ይወስዳል፤ በቀሩት የሥራ ቀናት ካለፈው ቅጂ ወዲህ የተለወጡትን ብሎኮች ብቻ የያዘ የዕለት ጭማሪ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ መናገር ይገባኛል። እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ባክአፑ የሚወሰደው በምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ማሽኑም ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሠራተኞቹ ጋር አብሮ ይጠፋ ነበር። ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓት ማሽኑ ይዘገያል ብለው በማማረራቸው፣ ባክአፑ ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዲዛወርና ማሽኑ ሌሊቱን በዩፒኤስ ተደግፎ በርቶ እንዲያድር የመከርኩት እኔ ነበርኩ። ምክሩ ስህተት ነበር አልልም። ነገር ግን አንድ ማሽን ሌሊት በርቶ ሲያድር ሰው ያላዘዘው ሌላ ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አብሬ ማሰብ ነበረብኝ።

ቁጥሮቹን ማስማማት

ኤክስተርናል ዲስኩ በዊንዶውስ ሲታይ 1,863 ጊጋባይት ነው። በውስጡ የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ሙሉ ምስሎች በቅደም ተከተል 310፣ 317 እና 318 ጊጋባይት ሆነው ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጉ 70 ያህል የዕለት ጭማሪዎችም አሉ። ከእነዚህ መካከል ግን አራቱ ከሌሎቹ ጋር ጨርሶ አይመሳሰሉም፤ የሰኔ 4ቱ 190፣ የሰኔ 11ዱ 128፣ የሰኔ 18ቱ 83፣ የሰኔ 25ቱ 51 ጊጋባይት ነበሩ። አራቱ ብቻቸውን 452 ጊጋባይት በልተዋል። የቀረው ባዶ ቦታ 256 ጊጋባይት በመሆኑ የሐምሌ 1ዱ ሙሉ ምስል ሊገባ አልቻለም።

ወጣቱ ባለሙያ ሊያጠፋቸው ያሰበው እነዚህን አራቱን ነበር። አሳቡ የዋህ ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የዕለት ጭማሪ ብቻውን የሚቆም ቅጂ አይደለም። እያንዳንዱ ጭማሪ የሚይዘው ከፊቱ ካለው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ፣ የሰኔ 4ቱ ቢጠፋ ከሰኔ 5 እስከ ሰኔ 30 የተወሰዱት ሁሉ በዚያው ዕለት ዋጋ ያጡ ነበር። ሰንሰለቱ መሐል ላይ ሲበጠስ የሚተርፈው የቀደመው ክፍል ብቻ ነው። ቦታ ማስለቀቅ ግድ ከሆነ የሚጠፋው ከነሙሉ ምስሉ አንድ ሙሉ ሰንሰለት ነው፤ እሱም ከሁሉ አሮጌው መሆን ይኖርበታል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ግን ወጣቱ በማስታወሻው ላይ የጻፋቸው ሌሎች ሁለት «ያልተጠበቁ መጠኖች» ስለነበሩ አስቀድመን እነሱን መፍታት ነበረብን። ያልተፈታ ቁጥር ከተፈታው ጋር ሲደባለቅ ምርመራውን ሁሉ ያበላሻል።

የመጀመሪያው፣ የሰኔው ሙሉ ምስል በፕሮግራሙ መዝገብ ላይ 341 ጊጋባይት፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ደግሞ 318 ጊጋባይት ሆኖ መታየቱ ነው። ወጣቱ 23 ጊጋባይት ሲጻፍ የጠፋ መስሎት ነበር። የጠፋ ነገር የለም። ፕሮግራሙ አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ሲቆጥር፣ ዊንዶውስ ግን 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥርና በዚያው ስም ይጠራዋል። የፋይሉን ትክክለኛ የባይት ብዛት ከፋይሉ መግለጫ ላይ አንብበን ለሁለቱም ስናካፍል ሁለቱም ልክ ሆነው ተገኙ። በሱቅ 1 ቴራባይት ተብሎ የሚሸጠው ዲስክ ኮምፒውተር ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቢሮው ማስታወሻ ላይ መጠን የሚጻፈው ከዊንዶውስ እየተነበበ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ሁለተኛው፣ ዲ ድራይቭ 410 ጊጋባይት ተይዟል ሲል፣ በውስጡ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ተመርጠው ሲደመሩ 352 ጊጋባይት ብቻ መሆናቸው ነው። የ58 ጊጋባይት ልዩነት ትንሽ አይደለም። ዊንዶውስ የድሮ ሁኔታን መልሶ ለማሳየት የሚያከማቻቸው ሻዶ ኮፒዎች የሚቀመጡት ተራ ተጠቃሚ በማይከፍተው የሲስተም ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ከፎልደሮች ድምር ውስጥ አይገቡም፤ የድራይቩን የተያዘ ቦታ ግን ይበላሉ። በአስተዳዳሪ መብት ገብተን የሻዶ ኮፒውን ቦታ ስናይ ልክ 58 ጊጋባይት ሆኖ አገኘነው፤ ይህም የተፈቀደለት የድራይቩ 8 በመቶ ገደብ ነው። የባክአፕ ፕሮግራሙ ይህን ክፍል እንደማያነሣ በመዝገቡ ላይ ተጽፏል። በሲ ድራይቭም በኩል 16 ጊጋባይት የሚሆኑትን፣ ዊንዶውስ የራም ይዘትን በጊዜያዊነት የሚያስቀምጥባቸውን የፔጅ ፋይልና የሃይበርኔሽን ፋይል ይዘላል። ስለዚህ በሁለቱ ድራይቮች ላይ ከተያዘው 506 ጊጋባይት ውስጥ በእርግጥ የሚቀዳው 432 ነው።

ያ 432 ተጨምቆ 318 ሲሆን መጭመቁ ደካማ መስሎ ይታያል። ስካን የተደረጉት ፒዲኤፎች በውስጣቸው ያለው ምስል አስቀድሞ በጄፔግ የተጨመቀ ስለሆነ ፕሮግራሙ ዳግመኛ ሊያሳንሳቸው አይችልም፤ 236ቱ 230 ገደማ ሆኖ ይቀራል። የቀረው 196 ጊጋባይት ግን የዊንዶውስ ፋይሎች፣ በኤክሴል የወጡ ዝርዝሮችና የመሳሰሉት ስለሆነ ወደ 88 ወርዷል። 230 እና 88 ተደምረው 318 ይሆናሉ። ሒሳቡ እዚህ ላይ ገጠመ፤ ሙሉ ምስሎቹ ምንም እንከን አልነበረባቸውም።

አራቱ ትልልቅ ጭማሪዎች

የዕለት ጭማሪ በአንድ ሌሊት ከ3 ወደ 190 ጊጋባይት ሲዘል መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ራንሰምዌር ነው። ፋይሎችን እየቆለፈ የሚሄድ ቫይረስ እያንዳንዱን ብሎክ ስለሚለውጥ በብሎክ ደረጃ በሚሠራ ባክአፕ ላይ የሚተወው አሻራ ይኸው ነው። ይህ ሳይጣራ ቦታ ወደ ማስለቀቅ መሄድ፣ ደህና የሆነውን የመጨረሻ ቅጂ በገዛ እጅ መደምሰስ ሊሆን ይችላል። የጭማሪውን የመጨመቅ መጠን ማየት በሌላ ቢሮ ይረዳ ነበር፤ የተቆለፈ ፋይል አይጨመቅምና። እዚህ ግን አብዛኛው ፋይል ቀድሞውኑ የማይጨመቅ ፒዲኤፍ ስለሆነ ከዚያ የሚገኝ ፍንጭ አልነበረም።

ስለዚህ የሰኔ 3ን እና የሰኔ 4ን ቅጂዎች ጎን ለጎን እንደ ድራይቭ ከፍተን ከተለያዩ ዓመታት 200 ፒዲኤፎች መረጥን፤ የእያንዳንዱን ይዘት አሻራ በሃሽ አስልተንም አወዳደርን። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ፋይሎቹ አንዲት ባይት እንኳ አልተለወጡም፤ ያም ሆኖ ብሎኮቻቸው «ተለውጠዋል» ተብለው ጭማሪው ውስጥ ገብተዋል።

ቀጥለን የፕሮግራሙን መዝገብ በየድራይቩ ለያየነው። ከ190ው ውስጥ 14ቱ የሲ፣ 176ቱ የዲ ነበር። ይህ ብቻውን የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው የሚለውን ግምት ዘጋው፤ ትልቅ ማሻሻያ የድሮውን ዊንዶውስ በፎልደር አስቀምጦ ሲን ሊያሳብጥ ይችላል እንጂ የቢሮው ፋይል ወዳለበት ወደ ዲ አይደርስም። ከዚያም በሰኔ 4ቱ ቅጂ ውስጥ፣ በዲ ላይ በዚያ ቀን የተለወጡ ፋይሎችን ብቻ በቀን እየለየን ደመርን። ይህን ፍለጋ በቅጂው ውስጥ እንጂ በማሽኑ ላይ አለማድረጋችን አስፈላጊ ነበር፤ ከሰኔ 4 በኋላ ዳግመኛ የተነካ ፋይል በማሽኑ ላይ የሚያሳየው የኋለኛውን ቀን ነውና። ድምሩ 260 ሜጋባይት ሆነ።

እንግዲህ በዲ ላይ የተለወጡት ፋይሎች ሩብ ጊጋባይት ያህል፣ የተለወጡት ብሎኮች ደግሞ 176 ጊጋባይት ናቸው። ፋይሉ ሳይለወጥ ብሎኩ ተለወጠ ማለት ፋይሉ ቦታ ቀይሯል ማለት ነው። የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ የሚያሳየውን ኢቨንት ቪወርን ከፍተን በአፕሊኬሽን ሎግ ውስጥ የዲፍራግመንት (የተበታተኑ ፋይሎችን መልሶ የማቀናጀት) ሥራ መጠናቀቁን የሚያስታውቀውን ቁጥር 258 ስንፈልግ፣ በዲ ድራይቭ ላይ አራት ጊዜ ብቻ ተመዝግቦ አገኘነው። አራቱም ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ሲሆኑ፣ ቀናቱም ሰኔ 4፣ 11፣ 18 እና 25 ነበሩ።

ዊንዶውስ በተሽከርካሪ ዲስክ ላይ የተበታተኑ ፋይሎችን በየሳምንቱ መልሶ እንዲያቀናጅ ሲጫን ጀምሮ የታዘዘ ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ማሽኑ በርቶ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ነው። እዚህ ቢሮ ማሽኑ ለዓመታት ማታ ማታ ይጠፋ ስለነበር ይህ ሥራ ለዲ ድራይቭ ተጠናቆ አያውቅም ነበር። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ በርቶ ማደር ሲጀምር የተጠራቀመው መበታተን ሁሉ በመጀመሪያው ሌሊት ተነሣ። ስካኑ የተሠራው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ዲስክ እየጻፈ በመሆኑ ፒዲኤፎቹ እጅግ ተበጣጥሰው ነበር። ዊንዶውስ ከ64 ሜጋባይት በላይ የሆነን ቁራጭ በአብዛኛው እንዳለ ይተዋል፤ የቢሮው የደረሰኝ ጥራዞች ግን እያንዳንዳቸው ከ5 እስከ 40 ሜጋባይት ስለሆኑ ከዚያ ገደብ በታች ወድቀዋል። የመጠኑ መውረድም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ዲስኩ ሲደረደር ለቀጣዩ ሳምንት የሚቀረው ሥራ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ 190 ወደ 128፣ ከዚያም ወደ 83 እና ወደ 51 ወርዷል።

ለሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ያስረዳሁት በመዝገብ ቤት ምሳሌ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጥራዞችን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እያዛወረ ሲያስተካክል አድሮ፣ በማግስቱ ሌላ ሰው የጥራዙን ስም ሳይሆን የመደርደሪያውን ቁጥር እያየ «ትናንት እዚህ የነበረው ዛሬ ሌላ ነው» እያለ ሁሉንም ቢገለብጥ፣ አንድም አዲስ ወረቀት ሳይገባ የግልባጩ ክምር ጣራ ይነካል። እርሳቸውም ከሰሙኝ በኋላ «ታዲያ መዝገቡ አልተበላሸም?» ብለው ጠየቁኝ። አልተበላሸም አልኳቸው። በዚያ ሰዓት የማውቀው ይህን ያህል ነበር።

ሻዶ ኮፒው ገደቡን የነካበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ዲፍራግመንት ነው። የዲ ድራይቭ ክላስተር (ለፋይል የሚሰጠው ትንሹ የቦታ ክፍል) 4 ኪሎባይት በመሆኑና ሻዶ ኮፒ የሚከታተለው በ16 ኪሎባይት ብሎክ በመሆኑ፣ የፋይል መዛወር ለእሱም እንደ ለውጥ ይቆጠርበታል።

260 ሜጋባይት

ሐምሌ 3 ቀን ጠዋት ተመልሼ የሄድኩት ሪፖርቱን ጽፌ ለመጨረስ ነበር። ትናንት ያገኘሁትን ቁጥር ስጽፍ ግን እጄ ቆመ። የሰኔ ወር የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የደንበኞችን መዝገብ እየከፈቱ በሚሠሩበት ቢሮ በአንድ የሥራ ቀን የተለወጠው ፋይል እንዴት 260 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል? ትናንት ይህን ቁጥር ከ176 ጋር ለማነጻጸር ስለፈለግሁት «ትንሽ ነው» ብዬ አለፍኩት፤ ለራሱ ግን ስንት መሆን እንደነበረበት አልጠየቅሁም።

ኃላፊዋን በሰኔ 30 ስንት ሰዓት ድረስ እንደሠሩ ጠየቅኳቸው። ሁሉም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ እንደቆዩና በዚያ ቀን ብቻ የ11 ደንበኞችን መዝገብ እንደዘጉ ነገሩኝ። ቢሮው የሚሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ የእያንዳንዱን ደንበኛ መረጃ በየራሱ ፎልደር የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ ከእነዚያ 11 ፎልደሮች ትንሹ ከ150 ሜጋባይት በላይ ነው። በዚያ ቀን ዲ ላይ የተለወጠ ፋይል ቢያንስ ከአንድ ጊጋባይት ተኩል መብለጥ ነበረበት። የሰኔ 30ን ቅጂ ከፍተን ስንደምር 190 ሜጋባይት አገኘን፤ እሱም ደብዳቤዎች፣ ኤክሴል ፋይሎችና ጥቂት ስካኖች ነበሩ። ከፒችትሪ አንድም ፋይል የለም።

በቅጂው ውስጥ የፒችትሪን ፎልደር ስንከፍት ሁሉም ደንበኞች በየስማቸው ተደርድረው ይታያሉ። የፋይሎቹን ቀን ግን ከላይ እስከ ታች ብናይ ከማርች 28 ወዲህ የተነካ ነገር አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 19 ቀን መሆኑ ነው። ወጣቱ ባለሙያ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ የምናገረው አጣሁ።

ምክንያቱን ለማግኘት ከአሥር ደቂቃ በላይ አልወሰደም። በመጋቢት ወር፣ ፒችትሪ ዘገየ ተብሎ ቢሮው ያመጣው ሌላ ባለሙያ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ተሽከርካሪ ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ጨምሮ መረጃውን ወደዚያ ገልብጦት ነበር። ሠራተኞቹ በኔትወርክ የሚከፍቱት ድራይቭ ስሙም ፊደሉም ሳይለወጥ ወደ አዲሱ ዲስክ እንዲያመለክት ስለተደረገ ማንም ለውጡን አላወቀም፤ ፍጥነቱ በመጨመሩ ብቻ ተደስተዋል። አሮጌው ፎልደርም በዲ ላይ እንዳለ ተተወ። የባክአፕ ትዕዛዙ ደግሞ ሲዘጋጅ ሲ እና ዲ ተብሎ በስም ተመርጦ ስለነበር፣ በኋላ የመጣው ኢ ድራይቭ በውስጡ አልነበረም። የቢሮው ሕይወት የሆነው 38 ጊጋባይት ለ104 ቀናት ምንም ቅጂ ሳይኖረው፣ በአንድ ኤስኤስዲ ላይ ብቻውን ቆይቷል።

በግንቦት ወር የመመለስ ሙከራ ተደርጎ እንደነበረም ማስታወሻው ላይ አለ። ወጣቱ በደንቡ መሠረት ምስሉን ከፍቶ የአንድ ደንበኛን መዝገብ ወደ ሌላ ማሽን መልሶ በፒችትሪ ከፍቶታል፤ በሚገባ ተከፍቶለታል። የተከፈተለት ግን የመጋቢት መዝገብ ነበር፤ የመጨረሻው ግብይት በየትኛው ቀን እንደተመዘገበ አላየም። በዚህ ልወቅሰው አልችልም። እኔም ብሆን «ተከፈተ» የሚለውን ቃል ሰምቼ አልፈው ነበር።

በየዕለቱ 3 ጊጋባይት ገደማ ሲመጣ የነበረው ጭማሪም እንደገና ሲታይ ሌላ ትርጉም አለው። ከዚያ ውስጥ 2.7 ያህሉ የሲ ድራይቭ ሲሆን፣ የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ሎግና የብሮውዘር ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው። በየማታው የሚመጣው የተስተካከለ ቁጥር ሁላችንንም አሳርፎን ነበር፤ የቢሮው ሥራ ግን በውስጡ አልነበረም። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ በየድራይቩ ለያይቶ ያየ ሰው ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

የተወሰደው እርምጃ

ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት ሠራተኞቹ ሁሉ ፒችትሪን እንዲዘጉ ተደርጎ የኢ ድራይቭ ይዘት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ወዲያውኑ ተገለበጠ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ቢሮው ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ገዛ፤ በዊንዶውስ 3.63 ቴራባይት ሆኖ ይታያል። አሮጌው ዲስክ ከነሰንሰለቱ ሳይነካ ታሽጎ ኃላፊዋ ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ።

አዲሱ የባክአፕ ትዕዛዝ ድራይቮችን በፊደል መርጦ ከመያዝ ይልቅ በማሽኑ ውስጥ ያሉትን ዲስኮች በሙሉ እንዲያነሣ ተዘጋጀ፤ ከዚህ በኋላ የሚጨመር ዲስክ እንዳይቀር ነው። የዲ ድራይቭ ዲፍራግመንት ጨርሶ አልተከለከለም። ከሳምንታዊው ፕሮግራም ወጥቶ በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ የዕለቱ ጭማሪ ከተወሰደ በኋላና ሙሉ ምስል ከመወሰዱ በፊት ባለው ጊዜ በእጅ እንዲሠራ ተወሰነ። ያን ጊዜ የሚዛወሩት ብሎኮች በሙሉ ምስሉ ውስጥ ስለሚገቡ የትኛውንም ጭማሪ አያሳብጡም። ለኤስኤስዲው ይህ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ በኤስኤስዲ ላይ በአብዛኛው የሚሠራው ባዶ የሆኑትን ቦታዎች ለዲስኩ ማሳወቅ ነው፤ መረጃ እንደ ተሽከርካሪው ዲስክ አያዛውርም። በዲ ላይ የቀረው አሮጌው የፒችትሪ ፎልደር ስሙ ተቀይሮ «እስከ መጋቢት 19 ብቻ» ተባለ። እንዲጠፋ አልፈቀድኩም፤ የበጀት ዓመቱ ኦዲት እስኪጠናቀቅ ይቆያል።

የመመለስ ሙከራውም ተለወጠ። አሁን በወር አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛ መዝገብ ከቅጂው ወደ ሌላ ማሽን ይመለሳል፤ ከዚያም ወጣቱ ባለሙያ ሳይሆን ኃላፊዋ ራሳቸው ትራያል ባላንሱን (የሒሳቦቹን ማመሳከሪያ ዝርዝር) አሳትመው ከዋናው ማሽን ከወጣው ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክራሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ሐምሌ 5 ቀን ተደርጎ ሁለቱ ወረቀቶች እስከ ሳንቲም ድረስ ተስማምተዋል።

በማሽኑ አጠገብም አንድ ደብተር ተቀምጧል። በየጠዋቱ የሌሊቱ ጭማሪ በሦስቱም ድራይቮች ተለይቶ ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ትናንት በቢሮው ምን እንደተሠራ ኃላፊዋ በአንድ መስመር ያሰፍራሉ። አዲሱ ሙሉ ምስል ሐምሌ 3 ማታ ሲወሰድ 330 ጊጋባይት ሆነ፤ 318ቱ እንደ ቀድሞው ሲሆን የቀረው 12 ጊጋባይት 38 ሆኖ የገባው ኢ ድራይቭ ነው፤ የፒችትሪ ፋይሎች በደንብ ይጨመቃሉና። የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር የሐምሌ 4ን ሥራ የያዘ ነው፦ ሲ 2.6፣ ዲ 0.2፣ ኢ 1.9። በቀኙ በኩል «የስምንት ደንበኞች ማስተካከያ ተመዝግቧል» ተብሎ ተጽፏል።